ሐጅ ሳላደርግ የሰሜን ዋልታን ብርሃን ሄጄ ልይ?

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደሴ ተወልጄ ደሴ ያረጀሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ባለቤቴ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል፤ እሱም ጡረተኛ ነው፣ ጉልበቱንም ያመዋል። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ ኖርዌይ፣ ኦስሎ ውስጥ በነርስነት ትሠራለች። ካየናት ስድስት ዓመት አልፏል።

ሰሞኑን ደውላ «እማ፣ በሚመጣው የእነሱ ክረምት ነይ፤ ያስተማርሽንን ብርሃን ወስጄ አሳይሻለሁ» አለችኝ። በሥራ ዘመኔ በሙሉ፣ በሩቅ ሰሜን በሌሊት ሰማይ ላይ ስለሚታየው ስለ ሰሜን ዋልታ ብርሃን አስተምሬያለሁ። የመጽሐፉ ሥዕል ጥቁርና ነጭ ስለነበር፣ ሰሌዳው ላይ በነጭ ጠመኔ እንደ መጋረጃ እያጣጠፍኩ እስለው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ አይተውት ያውቃሉ?» ብሎ ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጄ ያኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። ለካ አልረሳችውም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን አለቀስኩ።

ችግሩ ባለቤቴ ነው። መጀመሪያ ስነግረው ሳቀና «ብርሃን ለማየት? መብራት ሲመጣ እዚሁ ቤታችን እናየው የለም እንዴ!» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠ። «እኔና አንቺ ለሐጅ መቆጠብ ከጀመርን ስንት ዓመታችን ነው? የአላህን ቤት ሳታይ በረዶ አገር ሄደሽ ሰማይ ታያለሽ?» አለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስቶት አያውቅም፤ እኔም ፈራሁት። እህቴ ደግሞ ቡና ላይ፣ የቅሬው (የእድሩ) ሴቶች ሁሉ ባሉበት «ጡረታ ስትወጪ ልጅነት ጀመረሽ» ብላ አሳቀቀችኝ።

ልጄ ወጪውን ሙሉ በሙሉ እኔ እችላለሁ ትላለች። ነገር ግን ለዚሁ ስትል ትርፍ ሰዓት እየገባች፣ ሌሊት ሌሊት ሥራ እያደረች መሆኑን ከወንድሟ ሰማሁ። አንጀቴ አልቻለም። የሐጁ ገንዘብ በስሜ ስለሆነ ከላዩ አንስቼ ትኬቱን እንኳ ራሴ ልቁረጥና በኋላ እተካዋለሁ ብዬ አስቤአለሁ። ለባለቤቴ ግን አልነገርኩትም። ደግሞስ ይህን ሁሉ አልፌ ሄጄ ሰማዩ ደመና ቢሆንስ? ብርዱን እችለዋለሁ? ፀሐይ በማይወጣበት አገር ሶላቴን እንዴት እሰግዳለሁ? ልተወው ወይስ ልሂድ?

መምህርቷ፣ ከደሴ

መልስ

ወዓለይኩም ሰላም፣ እትዬ።

«ልተወው ወይስ ልሂድ» ብለው ጠየቁኝ። ሊተወው የቆረጠ ሰው ስለ ብርዱና ስለ ሶላቱ አይጠይቅምና፣ መሄዱን ይፈልጉታል ብዬ ልነሳ። ቢፈልጉትም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዕድሜ ልክ ያስተማሩትን ነገር በዓይን ለማየት መመኘት ልጅነት ከተባለ፣ እንዲህ ያለውን ልጅነት ለመምህሮቻችን ሁሉ ያድልልን። እህትዎን በዚህ እንለፋቸው።

አብሽሩ፣ ለብርዱም ለደመናውም መላ አለ። መላ የሚያስቸግረው የሐጁ ገንዘብ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። እባክዎ አይንኩት። ደብተሩ በስምዎ ይሁን እንጂ ብሩ የተቋጠረው በሁለታችሁ ኒያ ነው። እተካዋለሁ ያሉት ከልብዎ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ በጡረታ ደመወዝ መተካት ስንት ወር እንደሚፈጅ ግን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በመሀል ባለቤትዎ አንድ ቀን ደብተሩን ገልጠው ቢያዩስ? የጎደለው ብር ሊሞላ ይችላል፤ «ሳትነግረኝ ለብቻዋ ፈታችው» የሚለው ቅያሜ ግን በምን ይሞላል? ገንዘቡ ሳይነካ ከቆየ ደግሞ የነገሩ መልክ ራሱ ይቀየራል። ሐጁ የሁለታችሁ ሆኖ በቦታው ይቀመጣል፣ ጉዞው የልጅ ግብዣ ይሆናል፣ አንዱ ከአንዱ አይሻማም።

ሐጅ ያላደረገ ሰው ለሌላ ጉዳይ ባሕር መሻገር ይችላል ወይ በሚለው ላይ እኔ አልገባም፤ የምክር ዓምድ ፈትዋ አይሰጥም። የሚያምኗቸውን ሼኽ ይጠይቁ፤ ቢቻል ከባለቤትዎ ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ። ብቻ አጠያየቅዎን ያስተካክሉ። «ሐጁን ትቼ ብርሃን ላይ ልሂድ ወይ?» ብለው ካቀረቡት መልሱን ጥያቄው ውስጥ ከተቱት ማለት ነው። «የሐጅ ገንዘባችን አልተነካም፤ ልጄ በራሷ ገንዘብ ጋብዛኛለች፤ ሄጄ ልምጣ ወይ?» ቢሏቸው ግን እውነተኛውን ነገር ጠየቁ። መልሳቸው ምንም ይሁን ምን፣ ሁለታችሁም እኩል ትሰሙታላችሁ።

ስለ ባለቤትዎ የጻፉትን ስመለስበት አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ቀለዱ፣ ከዚያ ተቆጡ፣ ከዚያ ዝም አሉ። የ68 ዓመት ሰው ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሐጅ ደግሞ ብዙ የሚያስኬድ ነገር ነው። «ጊዜው እያመለጠኝ ነው» የሚል ፍርሃት ይኖርባቸው ይሆን? እርስዎ በረዶ ላይ ለመሄድ ጉልበት ሲያገኙ፣ የእሳቸው ጉልበት ግን ከመካ በፊት እንዳያልቅ ሰግተው ቢሆንስ? ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ሌላም አለ። ልጅዎ «እማ፣ ነይ» ብላለች። «አባባንም ይዘሽ ነይ» ማለቷን ግን ደብዳቤዎ ውስጥ አላገኘሁትም። ምናልባት ብላለች፣ እርስዎ ሳይጽፉት ቀርተው ይሆናል። ካላለች ግን ይህ ሰውዬ ስድስት ዓመት ያላያት ልጁ እናቷን ብቻ ስትጠራ ነው የሰማው። አባት ይህን በአፉ አይናገርም፤ «ሐጅ ሳታደርጊ» ይላል እንጂ። ስለዚህ ልጅዎ ለአባቷ ራሷ ትደውል። በእርስዎ ስልክ ሳይሆን በእሳቸው ስልክ፣ ለእሳቸው ብቻ። «እኔ ደግሞ በረዶ ምን አባቴ ላደርግ» ብለው እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ይበሉ። ተጠርተው እምቢ ማለትና ሳይጠሩ መቅረት አንድ አይደለም።

እርስዎ ደግሞ ከመግሪብ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ደብተሩን ይዘው ይቀመጡና መጀመሪያ የሐጁን ወሬ ራስዎ ያንሱት። ስንት አለን፣ ስንት ይጎድለናል፣ የምዝገባው ነገር እንዴት ነው፣ ጉልበትዎን ከአሁኑ ሐኪም ቤት እንሂድና እናሳይ። የ2019 ሐጅ ግንቦት መጀመሪያ አካባቢ ይውላል፤ የልጅዎ ግብዣ ከዚያ በፊት ባለው በእነሱ ክረምት፣ በእኛ በጋ ላይ ነው፣ ስለዚህ በቀን እንኳ አይጋጩም። ይህ ከተነጋገራችሁ በኋላ ነው የኖርዌይ ነገር የሚነሳው። የትርፍ ሰዓቱንም፣ ትኬቱን ልቁረጥ ብለው ማሰብዎንም ያኔ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው። ያሰቡትን ሳያደርጉት መናገር ቀላል ነው።

የልጅዎ ድካም እንዳሳሰበዎት ይገባኛል። ግን ከወንድሟ የሰሙትን ይዘው በልብዎ ከሚብሰለሰሉ «ስንት ያስወጣሻል? ምኑ ላይ ነው የሚበዛው?» ብለው በግልጽ ይጠይቋት። ኖርዌይ ውድ አገር ነው፤ ቢሆንም ወጪው የሚቀነስበት ብዙ ቦታ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ኦስሎ እሷ ቤት ይቀመጡ፤ ወደ ሰሜን የሚሄዱት ለአምስት ወይም ለስድስት ሌሊት ብቻ ይሁን። ስልክ ላይ የምናየው ያ ጣሪያው መስታወት የሆነ ጎጆ ይቅር፤ ወጥ መሥሪያ ያለው ተራ የኪራይ ክፍል ይበቃል። መኪና ይዞ ብርሃኑን ፍለጋ የሚወስድ አስጎብኚ በየሌሊቱ አያስፈልግም፤ ሰማዩ ጥሩ በሚሆንበት አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ከበቂ በላይ ነው። የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ የክፍልም የትኬትም ዋጋ ወረድ ይላል።

እርስዎም ባዶ እጅዎን አይሄዱም። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቡናው ለአንድ ዓመት የሚበቃ ቢሆን የልጅዎን ወጪ ያቀልላል። ቅቤውን ግን እንዳይሞክሩት፤ ከአውሮፓ ውጪ የመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይወስዱበዎታል። የወሎ እናት ያለ ቅቤ ልጇ ቤት መግባት እንደሚከብዳት አላጣሁትም።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ለመምህርት ማውራቴን እየረሳሁ ባስረዝም ይቅር ይበሉኝ።

መጀመሪያ፣ ልጅዎ ያለችበት ኦስሎ ለዚህ ነገር ሩቅ ደቡብ ነው። በሰሜን ኬክሮስ 60 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ብርሃኑ እዚያ የሚታየው አልፎ አልፎ፣ ፀሐይ ኃይለኛ ማዕበል ስትልክ ብቻ ነው። መሄድ ያለባችሁ ወደ 70 ዲግሪ የሚጠጋው ትሮምሶ ነው፤ ከኦስሎ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ። ብርሃኑ በማግኔታዊው ዋልታ ዙሪያ እንደ ቀለበት እንደሚሠራ ያስተማሩት ነው፤ ትሮምሶ ከቀለበቱ ሥር ነው። ብርሃኑን የሚፈጥሩት ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶች እኛ ዘንድ የማይደርሱት ደግሞ ያለነው በተቃራኒው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። ማግኔታዊው የምድር ወገብ አገራችንን አቋርጦ ያልፋል፤ የማግኔት መስመሮቹ እዚህ ከመሬት ጋር ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ እዚያ ግን ቁልቁል ይወርዳሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን፣ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው ለማግኔታዊው ወገብ መቅረባችን ነበር።

ደመና ቢሆንስ ላሉት፣ ሊሆን ይችላል። ትሮምሶ የባሕር ዳር ከተማ ናትና ደመና አያጣትም፤ ይህን ልደብቅዎት አልፈልግም። አስጎብኚዎቹ ሌሊቱን በመኪና ወደ ውስጥ፣ ወደ ፊንላንድ ድንበር የሚነዱት የተከፈተ ሰማይ ፍለጋ ነው። ስዊድን ውስጥ ያለችው አቢስኮ ተራሮቹ ደመናውን ስለሚያስቀሩላት በጥርት ሰማይዋ ትታወቃለች፤ ብርዱና መንገዱ ግን ለእርስዎ ይበረታል ብዬ እሰጋለሁ። እኔ ብሆን ትሮምሶን እመርጣለሁ። አንድ ሌሊት ሄዶ መመለስ ዕጣ መጣል ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ሌሊት ከቆያችሁ ግን አንዱ ሌሊት የመከፈት ዕድሉ ጥሩ ነው። ሰዉ ስልኩ ላይ ከ0 እስከ 9 የሚሄደውን የማግኔት ማዕበል መለኪያ እያየ ይጨነቃል። ትሮምሶ ላይ 2 እንኳ ይበቃል። ልጅዎ መከታተል ያለባት የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም የሚያወጣውን የደመና ትንበያ ነው።

ሌላ ሳይነገራቸው የሚሄዱ ሰዎችን የሚያሳዝን ነገር አለ። በፎቶ የምናየው ደማቅ አረንጓዴ ካሜራው ለብዙ ሴኮንድ ብርሃን ሰብስቦ ያወጣው ነው። በዓይን ሲታይ፣ ኃይለኛ ካልሆነ በቀር፣ ነጣ ያለ፣ ስስ ደመና የመሰለ፣ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። በርትቶ ሲመጣ ነው አረንጓዴነቱ ለዓይን የሚገለጠው፤ ታችኛው ጫፉ ላይ ሐምራዊ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ያ የነጭ ጠመኔ ሥዕልዎ፣ እትዬ፣ ብዙ አልራቀም ነበር። ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ስልክ ሳይከፍቱ ይቁሙ። ስልኩ ደግሞ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ካፖርትዎ ውስጥ፣ ሰውነትዎ ጋ ይሁን።

ወቅቱን በተመለከተ ብርሃኑ በደንብ የሚታየው ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ነው፤ ከዚያ ውጪ ሌሊቱ እየነጣ ይሄድና በበጋቸው ጭራሽ አይጨልምም። የ2019 ረመዳን የካቲት መጀመሪያ ላይ ስለሚገባ የካቲት ይውጣ። በጨረቃ ምሽት ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ለዚህ እርስዎ ከፈረንጁ ሁሉ የተሻለ መሣሪያ ቤትዎ ግድግዳ ላይ አለዎት፣ የሒጅራ ካላንደር። ወሩ ሊያልቅ ያለባቸውና አዲሱ የገባባቸው ቀኖች ጨለማ ናቸው። ባየሁት ሒሳብ የታኅሣሡ ጨለማ የሚያርፈው በ29ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ ላሊበላ በገና ተጓዥ በምትጥለቀለቅበት ሰሞን ማለት ነው። የፈረንጆቹም በዓል አልፏል። ከታኅሣሥ 26 እስከ ጥር 2 ትሮምሶ ብትሆኑ ጥሩ ይመስለኛል።

ነገር ግን በዚያ ጊዜ ፀሐይ አትወጣም። ትሮምሶ ላይ ከኅዳር 18 አካባቢ እስከ ጥር 7 አካባቢ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። ድቅድቅ ጨለማ ግን አይደለም፤ እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓት ጎህ ሲቀድ የምናየው ዓይነት ሰማያዊና ሮዝ ብርሃን ይኖራል። ስለ ሶላቱ ዑለማዎች የተነጋገሩበት ነገር ነው፤ ቀንና ሌሊቱ በሚለይበት በቅርቡ ከተማ ሰዓት ስገዱ ያሉ አሉ፣ የመካን ሰዓት ተከተሉ ያሉም አሉ። ሼኹን ሲጠይቁ ይህንንም አብረው ይጠይቋቸው። ትሮምሶ መስጊድ ስላለ ልጅዎ ደውላ እዚያ ያሉት ሙስሊሞች በዚያ ሰሞን እንዴት እንደሚሰግዱ ትጠይቅልዎ። ይህ ጉዳይ ልብዎን ከከበደው ሌላ አማራጭ አለ፦ መስከረም መጨረሻ። ያኔ ቀንና ሌሊቱ ለእኩል የቀረበ ነው፣ የሶላቱ ሰዓትም አያሳስብም፣ ብርዱም ገና ነው፣ ጨረቃዋም መስከረም 30 አካባቢ ጨለማ ናት። የሚያጡት በረዶውን ነው። በረዶ ማየት ምን ያህል ይፈልጋሉ? ይህን ለራስዎ ይመልሱት።

ብርዱን ብዙ አይፍሩት። ትሮምሶ ሞቃት የባሕር ሞገድ ስለሚያልፍባት በጥር እንኳ አማካዩ ከዜሮ በታች 3 ወይም 4 ዲግሪ ነው። የደላንታን የኅዳር ውርጭ ያየ ሰው አይደነግጥም። ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ፊንላንድና ስዊድን ጋ፣ ከዜሮ በታች 20 እና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል፤ የሌሊት ጉዞው ወደዚያ ከሆነ ብዙዎቹ አስጎብኚዎች ወፍራም የበረዶ ቱታ ያውሳሉ። ከሥር ሱፍ ይልበሱ፤ ጥጥ እርጥበት ይዞ ያቀዘቅዛልና ጋቢዎ ለቤት ይሁን። ጫማ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ፣ የሱፍ ካልሲ የሚያስገባ ይሁን።

እኔን ከብርዱ ይልቅ የሚያሰጋኝ የሚያንሸራትተው መንገድ ነው። ከተማው ውስጥ በረዶው ይቀልጥና መልሶ እንደ መስታወት ይጋገራል። በእርስዎ ዕድሜ መውደቅ ዳሌ ሊሰብር ይችላል። ጫማ ላይ የሚታሰር፣ የብረት ጥርስ ያለው ጎማ እዚያ በየሱቁ ይሸጣል፣ ውድም አይደለም፤ ትሮምሶ በደረሳችሁበት ቀን ከምንም ነገር በፊት እሱ ይገዛ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ፣ በተለይ የደም ግፊት፣ ብርድ ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ሐኪምዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ መድኃኒቱም በእጅ ሻንጣ ይያዝ።

ቪዛውን በአጭሩ ላንሳው፣ ግን ዋናው እንቅፋት እሱ ሊሆን ስለሚችል አይናቁት። ኖርዌይ የሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች አባል ናት። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ይገባል። ለኢትዮጵያውያን በሚያዝያ 2016 መልስ የሚሰጥበት መደበኛው ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሞ ስለነበር፣ ለታኅሣሥ መጨረሻ ጉዞ ቢዘገይ መስከረም ላይ ይግባ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ያስፈልጋል። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ ራስዎ መቅረብ አለብዎ፤ ከኮምቦልቻ በረራ አለ፣ መንገዱ ከከበደዎት። ልጅዎ የግብዣ ደብዳቤና ወጪዎን እንደምትችል የሚያሳይ የዋስትና ሰነድ ትልካለች። እነሱ ግን አጥብቀው የሚያዩት ተመልሰው ይመጣሉ ወይ የሚለውን ነው። የጡረታ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ፤ ደሴ የሚጠብቅዎት ሰውና ቤት እንዳለ ወረቀቱ ይናገር። ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ትኬትም ክፍልም እንዳይከፈል ለልጅዎ አደራ ይበሏት። ከከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣሉ፣ ይግባኝም ይባላል።

ባለቤትዎ «መጀመሪያ ሐጁን እንጨርስ» ብለው ቢጸኑስ? ያ በር ዝግ አይደለም። ፀሐይ በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ እየበረታች እየደከመች የምትሄድ ናት፤ የአሁኑ ዙር ጣሪያ ላይ መድረሱ የተነገረው በፈረንጆች ጥቅምት 2024 ነው፣ ከጣሪያው በኋላ ባሉት ዓመታትም ኃይለኛ ማዕበል አይጠፋም። ስትደክም እንኳ ትሮምሶ ብርሃኑን አታጣም። በ2019 ግንቦት ሐጅ ብታደርጉና ጉዞው በ2020 ቢሆን ብርሃኑ እዚያው አለ። ልጅዎም ትርፍ ሰዓቱን አቁማ በሰፊው ጊዜ ትቆጥባለች። ለእርስዎ ይህ መዘግየት ከመቅረት ጋር አንድ ሆኖ ይታይዎታል? ከሆነ ይህንኑ ለባለቤትዎ ይንገሯቸው። «ቁርጥ ያለ ዓመት ስጠኝና ልጠብቅ» ማለት ይቻላል።

ፓስፖርትዎን ደግሞ አውጥተው ይዩት፤ ከመመለሻዎ ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቀረው፣ ከወጣ ደግሞ አሥር ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። የባለቤትዎንም አብረው ይዩት። ልጅዎ ለአባቷ የምትደውለው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ ለዛሬ ማታ ቢሆን አይዘገይም።